የማታ ተማሪና የመጽሐፍ ቁልፍ

ስለ ትምህርት በተነገረ ቁጥር በመጀመሪያ የሚነሣው መምህሩ ነው፤ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ሕንፃ፣ ከዚያም ፈተናውና የምስክር ወረቀቱ ይነሣሉ። ተማሪው ከመምህሩ ፊት ተነሥቶ ከሄደ በኋላ የሰማውን ቃል ከመጽሐፍ ጋር የሚያመሳክርበት፣ ያልገባውን የሚመረምርበት፣ የገባውንም የሚያጸናበት ጠረጴዛ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ነገር ግን በጆሮ ብቻ የገባ ትምህርት ቶሎ እንደሚጠፋ፣ በዓይን ተነብቦ በእጅ ተጽፎ የተደገፈው ግን ሥር እንደሚሰድ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ጥቂት ቃል ለማቅረብ የተነሣነው ስለዚያ ጠረጴዛ ነው፤ ይልቁንም ቀን በሥራ ውለው ማታ በኮሌጅ ለሚማሩ ሰዎች የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸውና እንዴትስ ሊያገኙት እንደሚችሉ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከሩቅ ተመልክተን አይደለም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ከተቀጠርን 11 ዓመት ሆኖናል፤ ከእነዚህም የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በማታው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ አያያዝ ስንማር ቆይተናል። የማታ ተማሪ ኑሮ በሰዓት የተሰፈረ ነው። በ11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ እንወጣለን፤ ተሰልፈን ታክሲ እንሳፈራለን፤ በሳምንት አራት ምሽት በ12 ሰዓት ከክፍል እንገባለን፤ ከምሽቱ በ2 ሰዓት ተኩል እንለቀቃለን፤ እንደ ገናም ለታክሲ እንሰለፋለን። ቤታችን ስንደርስ ልጆች ተኝተዋል፤ እራትም ቀዝቅዟል። በማግሥቱ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ተኩል መዝገብ ቤቱን ከፍቶ መገኘት ግዴታ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ስፍር ውስጥ የንባብ ጊዜው የትኛው ነው?

ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛና የመጋዘን ጸሐፊ ናቸው። ማንኛቸውም ለስም ብለው አልመጡም። አንዱ ዲፕሎማውን ሲያገኝ የደረጃ ዕድገት ይጠብቃል፤ ሌላው የሌሊት ጥበቃውን ትቶ በቀን ሥራ ለመግባት ይመኛል፤ ሌላይቱ ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ የምታገኝበትን መንገድ ትፈልጋለች። በቤት ይነበብ እንዳይባል አብዛኛዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ክፍል መብራቱ የቤተ ሰቡ ሁሉ ነው፤ ቴሌቪዥኑም እንዲሁ የሁሉ ነው፤ ልጅ የታመመ እንደ ሆነም ሌሊቱ የሁሉ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ቤት ላለው ሰው ተጨማሪ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ግን ያለ እርሱ ትምህርቱ የማይፈጸምበት ዋና መሣሪያ ነው።

አባቶቻችን የመጽሐፍን እጥረት በሚገባ ያውቁት ነበር። አንድ ዳዊት በብራና ለማጻፍ የብዙ በግ ወይም ፍየል ቆዳ መፋቅና መወጠር፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ጸሐፊውም ለወራት መቀመጡ ግድ ነበር። ስለዚህ የቆሎ ተማሪ ቃሉን በጆሮው ሰምቶ በልቡ ይዞ ይጓዝ ነበር እንጂ መጽሐፍ ተሸክሞ አይዞርም ነበር፤ የቅኔውን ወይም የትርጓሜውን መምህር ዝና በሰማ ጊዜም አኩፋዳውን አንግቶ ወደዚያው ይሄዳል። መጻሕፍቱም ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር በዕቃ ቤት ይቀመጡ ነበር፤ ቁልፉም በታመነ ሰው እጅ ነበር። ይህ ጥበቃ በእውነቱ የሚገባ ጥበቃ ነው። በእሳት፣ በምስጥና በጦርነት መካከል አልፈው ብዙ የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ የደረሱልን በዚያ ቁልፍ ምክንያት ነው።

ነገር ግን የብራናው መጽሐፍ ምትክ የሌለው ሲሆን፣ ዛሬ በኮሌጅ የምንማርበት መጽሐፍ በማተሚያ ቤት በብዙ ሺሕ የሚታተም፣ ተነብቦ እንዲያረጅ የተሠራ፣ ባረጀም ጊዜ በአዲስ እትም የሚተካ ነው። ለብራናው የሚገባውን ቁልፍ በዚህ መጽሐፍ ላይ መዝጋት እህልን ለዘር ብቻ አስቀምጦ ቤተ ሰብን እንደ ማስራብ ያለ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፋችን ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃው ነው።

በአገራችን ለሕዝብ ንባብ የተደረገውን ድካም መካድ አይቻልም። ሁላችንም ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በስድስት ኪሎም በአሜሪካው ፕሬዚደንት በጆን ኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት የስንቱን ተማሪ ክርን እንዳሳረፈ የሚያውቁት ያውቁታል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመርቋል። እነዚህ ሁሉ የሚያኮሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ለሁሉ የተሠራ ስለ ሆነ የእያንዳንዱን ኮሌጅ የትምህርት ዝርዝር ይዞ ሊገኝ አይችልም። የማታ ተማሪ ዛሬ ማታ የሚፈልገው በሚመጣው ሳምንት የሚፈተንበትን አንድ ምዕራፍ ነው፤ በቃሊቲ ወይም በኮተቤ ለሚኖር ሰው ደግሞ ለአንድ ምዕራፍ ብሎ ከክፍል በኋላ አራት ኪሎ መድረስ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ የእርሱ ቤተ መጻሕፍት በሚማርበት ግቢ ውስጥ ያለው፣ ትንሹና ስም የሌለው ነው።

የምንማርበትን ኮሌጅ በስሙ መጥራት አያስፈልግም፤ የሚመስሉት ብዙዎች ናቸውና። ቤተ መጻሕፍቱ ከመንገድ ፊት ለፊት፣ በምድር ቤቱ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በመደርደሪያው ላይ መጽሐፍ አልጠፋም፤ ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ ብዙ መጽሐፍ ተደርድሯል። ከውስጡ አንዱን የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ስናወጣ ግን ከመወለዳችን በፊት የታተመ ሆኖ እናገኘዋለን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 የድርጅቶች ሒሳብ በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት እንዲቀርብ ስለ ደነገገ፣ በዚያ አሮጌ መጽሐፍ ብቻ ያጠና ተማሪ በፈተናውም በሥራውም ላይ መቸገሩ አይቀርም። የሚያስፈልገው መጽሐፍ አለ። በዲዊ የአመዳደብ ሥርዓት ለሒሳብ አያያዝ የተሰጠውን 657 ቁጥር በጀርባው ለጥፎ፣ ሦስት ቅጂ ሆኖ፣ በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቁም ሣጥኑ ግን ተቆልፏል፤ ቤተ መጻሕፍቱም በ11 ሰዓት ይዘጋል። እኛ የምንደርሰው በ12 ሰዓት ነው። የመተላለፊያው መብራት በመስኮቱ ሲገባ የመጽሐፉ ጀርባ ከነቁጥሩ ይታያል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ይመስለናል።

በዚህ ምክንያት ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ባልደረቦቻችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ መጽሐፍ ገዛን። ሰኞና ማክሰኞ ከእኛ ዘንድ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከእርሷ ዘንድ፣ ዐርብና ቅዳሜ ከሦስተኛው ባልደረባችን ዘንድ እንዲያድር፣ እሑድን ደግሞ በተራ እንድንይዘው ተዋዋልን። ከሦስታችን ይልቅ ትምህርቱ የሚገባት እርሷ ነበረች፤ የሒሳቡ ሚዛን እኩል አልመጣ ሲለን ስሕተቱ ያለበትን መሥመር በጣቷ የምታሳየን እርሷ ነበረች። ነገር ግን ባለቤቷ በክፍለ አገር የሚሠራ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት፣ ደካማ እናቷንም የምትጦር ሴት ናት። በሁለተኛው ዓመት የመጨረሻ ፈተና በቀረበበት ወር ትንሹ ልጅ ታመመና ሌሊቶቿ አለቁ። የእኛን ሁለት ቀን ጨምረን ሰጠናት፤ መጽሐፉ ከእርሷ ዘንድ ሰነበተ፤ ግን ሳይገለጥ ነበር። ያጣችው መጽሐፉን ብቻ አልነበረምና። «ረቡዕ ረቡዕ ክፍል የለንም፤ እናቴ ልጆቹን እስከ ሁለት ሰዓት ትይዝልኛለች። ከቢሮ ወጥቼ ለዚያች ለሁለት ሰዓት የምቀመጥበት መብራት ያለበት ቦታ ባገኝ ይበቃኝ ነበር» ትለን ነበር። አላገኘችም።

በፈተናው ዕለት ወንበሯ ባዶ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ መዝገብ ቤት አመጣችልንና «ያዋጣሁትም ይቅር፤ እናንተ ጨርሱበት» ብላን ሄደች። መጽሐፉ አሁንም በእጃችን አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በገለጥነው ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብናል፤ በማታ ትምህርት ጀምረው ከሚያቋርጡት መካከል በእውነቱ አእምሮ አንሷቸው የተዉት ስንቶች ናቸው? ጠረጴዛ አጥተው የተዉትስ ስንቶች ናቸው?

መጽሐፍ ያጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይመልሳል። መምህሩ ያሳጠረውን ማስታወሻ አባዝቶ ይይዛል፤ ወይም በቴሌግራም የተላከለትን ሙሉ መጽሐፍ በእጅ ስልኩ ያነባል። ባለ ብዙ ዓምድ የሒሳብ ሠንጠረዥ በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ እንዴት እንደሚነበብ የሞከረው ያውቀዋል፤ የግራው ዓምድ ሲታይ የቀኙ ይጠፋል። የደራሲም መብት አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን ድካም ይጠብቃል፤ ለቤተ መጻሕፍትም በተወሰነ ሁኔታ ቅጂ ለማድረግ መንገድ ይሰጣል። ቤተ መጻሕፍቱ ሥራውን ቢሠራ ኖሮ ተማሪው በሕግና በችግር መካከል ባልቆመ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ከማስታወሻው ላይ ብቻ የተማረ ሰው የመምህሩን ማሳጠሪያ እንጂ ትምህርቱን አለማወቁ ነው።

አንድ ቀን ከሥራችን ፈቃድ ጠይቀን በቀን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድንና ኃላፊውን አነጋገርናቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ስለምን እንደሚቆለፍ በጠየቅናቸው ጊዜ አልተቆጡም። «መጽሐፉን በፊርማዬ ነው የተረከብሁት፤ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል። ሳይነበብ ዐሥር ዓመት ቢቀመጥ ግን የሚጠይቀኝ የለም። በቆጠራ ጊዜ የሚጠየቀው መኖሩ ነው እንጂ መነበቡ አይደለም። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» አሉን። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆንን ነገሩ ፈጥኖ ገባን። በደል የሚባለው ከሰውየው ዘንድ አልነበረም፤ መጽሐፍን ከወንበርና ከቁም ሣጥን ጋር በአንድ መዝገብ ከጻፈው አሠራር ዘንድ ነው። ወንበር ተቀምጦ ሲገኝ ሥራውን እየሠራ ነው፤ መጽሐፍ ግን ተቀምጦ ከተገኘ ሥራ ፈትቷል።

የመዝገብ ቤት ሥራ በዚህ ነገር አንድ ትምህርት ሰጥቶናል። አንድ ፋይል ለሥራ ሲወጣ በቦታው የወሰደው ሰው ስም፣ ክፍሉና ቀኑ የተጻፈበት ካርድ ይገባል፤ ፋይሉ በቀጠሮው ካልተመለሰ ካርዱ ይናገራል። ፋይል ከመዝገብ ቤት ፈጽሞ እንዳይወጣ ብንከለክል ኖሮ በእርግጥ አንድም ፋይል አይጠፋም ነበር፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በዚያው ቀን ይቆማል። ስለዚህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚመሰገነው ብዙ ፋይል በመቆለፉ ሳይሆን የተፈለገውን ፋይል በተፈለገው ጊዜ በማቅረቡና በመመለሱ ነው። ራንጋናታን የተባለው ሕንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ በ1931 እ.ኤ.አ. ለሙያው አምስት ሕጎች ባወጣ ጊዜ ከነዚያ አንዱ የአንባቢውን ጊዜ የሚመለከት ነበር። ጊዜው በታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚያልቅ የማታ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የቀረበ ሕግ የለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር ሰው በየአገሩ አለ። ይልቁንም በአሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት የየአካባቢው ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ የሚያስተምሩት እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ሆነ የእነርሱን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። ከእነዚህ የመንግሥት ኮሌጆች የመጀመሪያው በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በጆሊየት ከተማ በ1901 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ፕሬዚደንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ጉባኤ በ1947 እ.ኤ.አ. እንዲስፋፉ ከመከረ በኋላ በየወረዳው በዙ፤ ዛሬ ቁጥራቸው 1,000 ያህል ነው። ተማሪው ከቤቱ እየተመላለሰ ሁለት ዓመት ይማራል፤ ከዚያ ወይ በሙያው ሥራ ይይዛል፣ ወይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የአሜሪካ ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በእነዚህ ኮሌጆች ነው፤ በሜሪላንድ በ1946 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሞንትጎመሪ ኮሌጅና በአጠገቡ በቨርጂኒያ ያለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ በወገኖቻችን ዘንድ የታወቁ ናቸው።

በዚያው አካባቢ የምትኖር የአክስታችን ልጅ አለች። ቀን ሽማግሌዎችን በመንከባከብ ሥራ ትውላለች፤ ማታ ነርስነት ትማራለች። ስለ ትምህርቷ በስልክ ባጫወተችን ጊዜ ያስደነቀን የሕንፃው ውበት አልነበረም። «የትምህርቱ መጽሐፍ ውድ ነው፤ እኔ ግን አልገዛሁትም» አለችን። እያንዳንዱ መምህር ገና ትምህርት ሳይጀመር የሚያስተምርበትን መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍቱ ያስታውቃል፤ ከዚያ መጽሐፍ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከቤቱ እንዳይወጣ ተለይቶ ከባንኮኒው ኋላ ይቀመጣል። ተማሪው መታወቂያውን አሳይቶ ለሁለት ሰዓት ይወስደዋል፤ እዚያው አንብቦ ይመልሳል፤ ሌላው ይቀጥላል። እንደዚህ ሲሆን አንድ መጽሐፍ በአንድ ቀን ለብዙ ሰው ይደርሳል። በቤተ መጻሕፍቱ የሌለውን መጽሐፍ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት ያስመጡላታል፤ ኮምፒውተር ለሌለው ተማሪ በፊርማ የሚዋስ ኮምፒውተር አለ። ባለሙያዋም የጠየቋትን መጽሐፍ ከማቀበል አልፋ ጥያቄው ራሱ እንዴት እንደሚፈለግ ታስተምራለች። «በመጀመሪያው ወር አፍሬ አልጠይቅም ነበር፤ እርሷ ራሷ መጥታ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ» ስትለን የሰማነውን ያህል ቀናን።

አሜሪካ ሀብታም አገር ናት፤ እኛ ከእርሷ ጋር አንተካከልም የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ከዘረዘርናቸው ውስጥ ስንቱ ገንዘብ ይጠይቃል? አንድን መጽሐፍ ከሦስቱ ለይቶ በባንኮኒ ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም። የመምህሩ ዝርዝር አስቀድሞ መድረሱም ሆነ አፋር ተማሪን ቀርቦ መጠየቅ ምንም ወጪ የለበትም። ባለጠጎቹም ቢሆኑ የመጽሐፍ ዋጋ አስጨንቋቸው መላ ፈልገዋል። በቴክሳስ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፕንስታክስ በሚል ስም በሊቃውንት የተጻፉ የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍትን ማንም በነፃ እንዲያነባቸውና ለትምህርት እንዲያባዛቸው በኢንተርኔት አቅርቧል። በቨርጂኒያ ያለው ታይድዎተር ኮሙኒቲ ኮሌጅም በ2013 እ.ኤ.አ. ተማሪው ለመማሪያ መጽሐፍ ምንም ሳይከፍል በንግድ ሥራ አስተዳደር የሚመረቅበትን ሥርዓት ጀመረ።

እነዚህ ነፃ መጻሕፍት ለአሜሪካኖች ብቻ የተፈቀዱ አይደሉም። የስታቲስቲክስ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የፊዚክስና የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ዛሬውኑ ከዚህ ሆነን ልናወርዳቸው እንችላለን። የሒሳብ አያያዙ መጽሐፍ በአሜሪካ ደንብ የተጻፈ ስለ ሆነ ለእኛ በሙሉ አይስማማም፤ የዴቢትና የክሬዲት መሠረቱ ግን በየትም አገር አንድ ነው። ለጤና ተማሪዎችም የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ የሚባል አገልግሎት አለ፤ በታዳጊ አገሮች ላሉ ተቋሞች የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በጥቂት ዋጋ ያቀርባል። ነገር ግን ይህን የሚያውቅ፣ ተቋሙን የሚያስመዘግብ፣ አውርዶና አትሞ ጠርዞ በጠረጴዛ ላይ የሚያኖር ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው። ባለሙያውን ቁልፍ ጠባቂ ብቻ ካደረግነው በር ላይ የደረሰውን ስጦታ ሳናስገባ ቀረን ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የክፍላችን ተማሪዎች ተሰብስበን ለኮሌጁ ዲን ማመልከቻ ጻፍን። የለመንነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እንዲቆይና ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱ ከቁም ሣጥኑ እንዲወጣ። ዲኑ ለፈተናው ወር ፈቀዱ። ኃላፊው አንዱን መጽሐፍ በባንኮኒው ላይ አኖሩት፤ እኛም የመዝገብ ቤታችንን ካርድ በሚመስል ወረቀት ስም፣ ቀንና ሰዓት የሚጻፍበትን ሠንጠረዥ አዘጋጀንላቸው። በመጀመሪያው ምሽት አራት ሰው መጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወንበር ጠፍቶ ቆመው የሚያነቡ ነበሩ። ወሩ ሲያልቅ አንድም መጽሐፍ አልጠፋም። የመጽሐፉ ጠርዝ ግን በእጅ ብዛት ጠቁሮ፣ ሽፋኑም ተጣጥፎ ነበር። እኒያ ሽማግሌ መጽሐፉን አንሥተው አገላብጠው እያዩ «ይኸው፣ ዘንድሮ ሥራ ሠራ» አሉን።

ፈተናው ካለፈ በኋላ ለማታው ሠራተኛ የሚከፈል አበል በበጀት ስላልተያዘ በሩ እንደ ቀድሞው በ11 ሰዓት መዘጋት ጀመረ። ይህንን ለዚያች ባልደረባችን በነገርናት ጊዜ ትምህርቷን ለመቀጠል እያሰበች ነበር። «በፈተና ጊዜ እስከ ስንት ሰዓት ተከፈተ?» አለችን። እስከ 2 ሰዓት ተኩል አልናት። «ረቡዕም ጭምር?» አለችን። አዎን አልናት። «ለሚመጣው ዓመትስ?» ስትለን የምንመልሰው አልነበረንም፤ መልሱ በእጃችን አይደለምና።

መልሱ በእጃቸው ያለ ሰዎች ግን ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል አይጠፉም። ክቡራን ኃላፊዎች፣ የመጽሐፍ ቆጠራ ሲደረግ ስንት እንዳለ ከመጠየቅ ጋር ስንት ጊዜ እንደ ተነበበም ይጠየቅ፤ በአገልግሎት ያረጀና በቸልተኝነት የጠፋ መጽሐፍ በአንድ ዓይን አይታይ፤ ለማታው ክፍለ ጊዜ መምህር ሲቀጠር ለማታው ቤተ መጻሕፍትም ሠራተኛ ይታሰብ። ክቡራን መምህራን፣ የምታስተምሩበትን መጽሐፍ ስም ትምህርት ሳይጀመር ለቤተ መጻሕፍቱ አስታውቁ፤ ነፃ የሆነውንም ለይታችሁ አመልክቱ። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፣ የተዋሳችሁትን በሰዓቱ መልሱ፤ ገጽም አትቅደዱ፤ ከእናንተ በኋላ ተራውን የሚጠብቅ ሰው አለና።

የምንለምነው አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ አይደለም። ክፍሉ አለ፤ መብራቱ አለ፤ መጽሐፉም ቁጥሩን ለጥፎ በቦታው ተቀምጧል። የቀረው ከሥራ የሚወጣው ሰው በሚደርስበት ሰዓት በሩ ክፍት ሆኖ እንዲጠብቀው ነው።